ትዳርና ሥራ ይዞ እንደ መናኝ መኖር ይቻላል ወይ?

የማታ ሹፌር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ። ቀትር ላይ ወጥቼ እስከ ሌሊት እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለችን። ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ ልቤ ወደ ገዳም ሕይወት ሸፍቷል። ጥዬ መግባት አልችልም፣ የተጋባነው በቁርባን ነው። ስለዚህ ቤቴ ሆኜ ሥጋዬን ላስገዛ ብዬ ጀመርኩ። የጾም ቀን ሆነም አልሆነ ከ9 ሰዓት በፊት እህል ውኃ አልቀምስም። ሥጋና ቅቤ ከተውኩ ቆየሁ። አልጋውን ትቼ ሰሌን ላይ ነው የምተኛው። ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ መኪናዋን ዳር አስይዤ ዳዊት እደግማለሁ። ኳስ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ቲክቶክ የለም። ከሹፌሮቹ ጋር ቡና መጠጣትም ትቻለሁ፣ ሐሜቱ ስለሚበዛ።

ደስታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከተማው ጭጭ ሲል፣ መንገዱ ላይ ጥበቃና ውሻ ብቻ ሲቀር፣ ጸሎት የሚሰጠው ሰላም ሌላ ነው። እሱን ማጣት አልፈልግም።

ግን ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛው ባለቤቴ ናት። ማዕድ አብሬ ስለማልቀርብ ከፍቷታል። "አንተስ መነኮስክ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?" ብላኛለች። ሁለተኛው፣ መሪ ይዤ ከሰዓት በኋላ ዐይኔን ጭልም የሚያደርገኝ ጊዜ አለ። 

አንዳንዱ "ፈተና ነው፣ በርታ" ይለኛል። ሌላው "አበዛኸው" ይለኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም የምታውቁ ምከሩኝ። ልግፋበት ወይስ ልቀንስ?


የአብነት ተማሪ (ጎንደር)

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ልብህ የተነሣበት ነገር መልካም ነው፣ ማንም እንዲያጣጥልብህ አትፍቀድ።

ዲያቆን ነኝ። ቅኔ ቤት ሳለሁ በአንድ የአንድነት ገዳም (ሁሉም በጋራ በሚኖርበት) በእርድና፣ ማለትም መነኮሳቱን እየተላላክሁ፣ አገልግያለሁ። ከውጭ ሆነን ገዳምን ስናስብ የሚታየን ረሃቡ፣ ስግደቱ፣ የመሬት መኝታው ነው። ውስጥ ስትገባ ግን መጀመሪያ የምትተወው ምግብን አይደለም። ፈቃድህን ነው። ስንት ሰዓት እንደምትበላ አንተ አትወስንም። ስንት እንደምትሰግድ አንተ አትወስንም። ደወል ሲደወል ትነሣለህ። መጋቢው መቁነንህን፣ የምግብ ድርሻህን፣ ይሰጥሃል፣ ያችኑ ትበላለህ። እንጨት ልቀም ከተባልክ ትለቅማለህ። "ዳዊት ልጨርስ" ብትል እንኳ መጀመሪያ እንጨቱ ነው።

ገና በአመክሮ (ከመመንኮስ በፊት ባለው የፈተና ጊዜ) ላይ ያለ አንድ ልጅ ነበር። በዐቢይ ጾም መቁነኑን እየተወ ሁለት ሁለት ቀን ማክፈል (ምንም ሳይቀምሱ መዋል ማደር) ጀመረ። ፊቱ ከሳ፣ ዐይኑ ጎደጎደ። እኛ በልባችን አደነቅነው። አንድ ቀን አበምኔቱ ከማኅበሩ ፊት ጠሩትና ዳቤውን (የገዳሙን ዳቦ) በእጃቸው ሰጡት። "ብላ" አሉት። "አባቴ፣ አልራበኝም" አለ። "እንደማይርብህ አውቃለሁ፣ የጠገብከው ውዳሴ ነው" አሉት። እዚያው ቁጭ ብሎ እንባው ዳቤው ላይ እየወረደ በላ። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት መደቡት። ለሌላው ምግብ እያዘጋጀ ከረመ። ዛሬ ከምነግራችሁ በላይ ትልቅ አባት ሆኗል።

ይህ የአንድ ገዳም ልማድ አይደለም፣ የምንኵስና መሠረት ነው። በግብፅ በረሃ አባ እንጦንስ ለብቻ መኖርን አሳዩ። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ጳኩሚስ መነኮሳቱን በአንድ ሥርዓትና በአንድ ማዕድ ሰበሰቡ። ተስዓቱ (ዘጠኙ) ቅዱሳን ወደ አገራችን መጥተው፣ አቡነ አረጋዊም ደብረ ዳሞ ላይ የተከሉት ይህንኑ የማኅበር ኑሮ ነው። እህል በማይቀመስበት በዋልድባ እንኳ መነኵሴው ቋርፉን (እህል ያልገባበትን የገዳሙን ምግብ) የሚበላው በማኅበሩ ሥርዓት ነው እንጂ በራሱ ፍላጎት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅህ ይህን ነው፦ የንስሐ አባትህ ያውቃሉ?

ሌላም ልብ በል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ "ብሉ" የምትልበት ጊዜ አላት። ቅዳሜና እሑድ በጾም ወቅት እንኳ ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ) እንከለከላለን እንጂ፣ ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። ከዚህ የሚለየው ቀዳም ስዑር ብቻ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ አይሰገድምም። አንተ እነዚህንም ቀኖች እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከሥርዓቱ ወጥተሃል።


ነርስ ነኝ (ሐዋሳ)

ሃይማኖቱን ለሚያውቁት ልተወው፣ ስለ ዐይንህ ግን ዝም ማለት አልችልም።

መሪ ይዞ ዐይን መጨለም ቀላል ነገር አይደለም። ሳይበላና ሳይጠጣ በፀሐይ መኪና ውስጥ የሚውል ሰው ስኳሩ ሊወርድ፣ ፈሳሽ ሊያንሰው፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ከኋላህ የሰው ልጅ ጭነሃል። መንገዱ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ይሻገራል።

እባክህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ስኳርህን፣ ግፊትህንና ደምህን ታይ። እስከዚያው ዐይንህ ጭልም ሲል ወዲያው ዳር ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ውኃ ጠጣ፣ ስኳር ያለበት ነገር ቅመስ። በጾም ሰሞን የስኳር መድኃኒታቸውን ወስደው እህል ሳይቀምሱ የዋሉ ሰዎች ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ አንዳንዱ የት እንዳለም አያውቅም። ብዙዎቹ የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ "ብሉ" ይባሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት ታዝናለች። ይህን ከሚያነቡት መካከል መድኃኒት የሚወስድ ካለ፣ ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሊስተካከል የሚችልበት መንገድ አለ።


ጽኑዕ (ቨርጂኒያ)

እኔ በዚህ አልስማማም፣ በፍቅር ልናገር።

አንድ ወጣት በዚህ ዘመን ተነሥቶ ሥጋዬን ላስገዛ ሲል፣ ሁላችንም ተሯሩጠን ውኃ እንቸልስበታለን። ጾምን እኮ ሜኑ አድርገነዋል። እኔ ባለሁበት አገር የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ ሞልቷል። ከፍስክ ቀን ይልቅ በጾም ቀን ጠግበን እናድራለን። ነቢዩ ዳንኤል ማለፊያ እንጀራ አልበላሁም ነው ያለው። ሐዋርያው ሥጋዬን እየጎሰምኩ አስገዛዋለሁ ነው ያለው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ በጸሎት ቆሙ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ባሕር ውስጥ ተዘቅዝቀው ስለ ኢትዮጵያ ለመኑ። እነዚህን በስንክሳር እየሰማን "አቤት!" እንላለን። ጎረቤታችን ትንሽ ሲጠነክር ግን "ታመመ" እንላለን።

ወንድሜ፣ ሚስትህን አክብር፣ ሐኪምም ታይ። ግን እሳቱን አታጥፋው። አንዴ ከቀዘቀዘ መልሶ ማቀጣጠል ከባድ ነው። እኔ እዚህ በሁለት ሥራ መካከል የማየው ይህንኑ ነው። ከአገር ቤት ስንመጣ ሰዓታት ቆመን እናስቀድስ የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል ደርሰን ጸበል ጠጥተን እንሄዳለን። ማንም በአንድ ቀን እንዲህ አልሆነም። ትንሽ ትንሽ እያሉ "ለጤና ነው፣ ለሥራ ነው" እያሉ ነው።


ባለትዳር ነኝ (ባሕር ዳር)

የሚስትየውን ቦታ አውቀዋለሁ። የእኔም ባለቤት እንዲህ ሆኖ ነበርና።

ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሲመንን ሌላው ኃጢአተኛ ሆኖ ይውላል። ምንም ሳትናገር ማለት ነው። እኔ እንጀራ ስቆርስ እሱ ጥግ ላይ ዳዊት ይዞ ይቀመጥ ነበር። ምንም አይለኝም። ግን የጎረስኩት አይወርድልኝም። ትልቁ ልጃችን ከአባቱ ፊት መብላት ማፈር ጀመረ። የተቀቀለ እንቁላሉን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ! እሱን ያየሁ ቀን ነው ወደ ንስሐ አባታችን የሄድኩት።

እሳቸው ሁለታችንንም አብረው ጠሩን። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አነበቡልን። ባልና ሚስት ለጸሎትና ለጾም ብለው ቢለያዩ እንኳ ለጊዜው ነው፣ ያውም በስምምነት። ከዚያ ለባለቤቴ ቀኖና ሰጡት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማታ ማታ ልጁን በእጁ ማጉረስ። እና የሠርክ ጸሎት አብረን እንድናደርስ፣ አጭር አድርገን፣ ልጆቹም ቆመው። 

ባለቤቴ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ስግደት ቢጨምሩለት ይሻለው ነበር። ዛሬ ግን ስለ ጾም ሲያስተምር የሚናገረው ይህንን ነው።

አንተ ሚስትህ "ማን ጠየቀኝ?" ስትል ጾሙን አልተቃወመችም። ያልተጠየቀችውን ነው የነገረችህ። ዛሬውኑ ጠይቃት።


ኩዌት ያለሁት

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው፣ የተኙ ልጆችን እየጠበቅሁ። 

እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጹም ወይስ ልብላ ብዬ የምመርጥበት ወጥ ቤት የለኝም። በሑዳዴ ቀኑን ሙሉ የበግ ሥጋ በሩዝ እሠራለሁ፣ ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ያድራል። ለራሴ ሲሳካ በትንሽ ድስት ሩዝ በቲማቲም እጥዳለሁ። ማዳም ደስ ካላላት ዳቦ በቴምር። ቤተ ክርስቲያን ዓርብ ነው የምንሄደው፣ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን እሱ ስለሆነ። ያውም ከተፈቀደ። ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም። ውዳሴ ማርያም በአንድ ጆሮዬ በኢርፎን እየሰማሁ ነው ልብስ የምተኩሰው። ሌላው ጆሮዬ ለደወሉ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን "ይህ ጾም ተብሎ ይቆጠርልኛል?" እያልኩ አለቅስ ነበር። አለመብላቴ እኮ በግድ ነው። እንቅልፍ ማጣቴ በግድ ነው። እዚህ ያሉ አንድ አባት በስልክ የነገሩኝ ነገር አሳረፈኝ። "ልጄ፣ የተወሰደብሽን ሁሉ ጾም ነው አትበዪ፣ ግፍ ከሆነ ግፍ ነው። አንቺ የምትሰጪውን አንድ ነገር ምረጪ" አሉኝ። እኔም ምላሴን መረጥኩ። ማዳም ስትጮህ አልራገምም። በልቤም ጭምር። ከዘጠኝ ሰዓት ጾም ይከብዳል፣ እመኑኝ።

በሕማማት ሰሞን ከኛ ፎቅ በታች ካለው ቤት አንዲት አዲስ ልጅ መጥታ ነበር። ደመወዟ ተይዞባት እናቷን ከመጣች ጀምሮ አላናገረቻትም። እኔና ሁለት እኅቶች ለፋሲካ ልብስ ያሰብነውን አዋጣንና ካርድ ገዛንላት። ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ደረጃው ላይ ስልኬን ሰጠኋት። "እማ" ብላ ሌላ ቃል አልወጣትም። እናትየውም በዚያኛው ጫፍ ታለቅሳለች። ካርዱ በለቅሶ አለቀ።

ወንድሜ፣ አንተ ሚስትም ልጅም አጠገብህ አሉ። እኔ ልጄን የማያት በስልክ ነው። ማዕድ ላይ ተቀመጥላቸው። አደራ።


የማታ ሹፌር (ጥያቄ አቅራቢው)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ ከኩዌት የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ብዙ ሳንነጋገር ነው የቆየነው፣ ዛሬ ተነጋገርን።

ስለ ንስሐ አባቴ ለጠየቅከኝ፦ አያውቁም። ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ቤት መጥተው ጸበል ረጭተው፣ "እንዴት ናችሁ? ጾም ጸሎት እንዴት ነው?" ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር አንስቼ የማስቸግራቸው አይመስለኝም። እንደኔ ያለ ሰው ምን ያድርግ? በመጽሐፍ ብቻ መመራት አይቻልም? መጽሐፈ መነኮሳት አለኝ፣ ከእሱም ማር ይስሐቅን እያነበብኩ ነው።


ወሎዬ (ደሴ)

ሰላም ለቤቱ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አክስቶቼ ክርስቲያን ናቸው፣ ሁለቱም ጾም የእኛ ቤት ጾም ነው። አንድ ነገር ላካፍል።

በእኛ ዘንድ የሚታወቅ ሐዲስ (ከነቢዩ የተላለፈ ትውፊት) አለ። ሦስት ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት መጥተው ስለ ዒባዳቸው (አምልኮአቸው) ጠየቁ። ሲነገራቸው ለራሳቸው አነሰባቸው። አንዱ "እኔ ሌሊቱን ሁሉ ስሰግድ አድራለሁ" አለ። ሁለተኛው "ዘላለም እጾማለሁ" አለ። ሦስተኛው "ሴት አላገባም" አለ። ነቢዩም ሰሙና፣ እኔ ከሁላችሁም በላይ አላህን እፈራለሁ፣ ግን እጾማለሁ አፈጥራለሁም (ጾሜን እፈታለሁ)፣ እሰግዳለሁ እተኛለሁም፣ አገባለሁም አሏቸው። ሌላም አለ። ሰልማን ወንድሙን አቡ ደርዳን ሊጠይቅ ቢሄድ ሚስቱ ተጎሳቁላ አገኛት። ባልየው ቀን ጾም፣ ሌሊት ሶላት ሆኖ እሷን ረስቷታል። ሰልማን ማዕድ ላይ አስቀምጦ አስበላው፣ ሌሊቱንም ተኛ አለው። ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፣ ለሁሉም ሐቁን ስጥ አለው። ነቢዩም ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

የናንተ ሥርዓት የናንተ ነው። ግን ያቺ ሚስት የተናገረችው ቃል እኛም መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።


የአብነት ተማሪ (ጎንደር)

ወሎዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ጆሮ የሚከፍት ነው።

ወንድማችን ጽኑዕ፣ ስለ ጾም ኬኩ ያልከው ልክ ነህ። ሆድ ሞልቶ "ጾምኩ" ማለት ራስን ማታለል ነው። ስለ ቅዱሳኑ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ ላይ ከመቆማቸው በፊት ምን ነበሩ? ሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ እጅ ረድ ነበሩ። ደብረ ዳሞም ወጥተው በአባ ዮሐኒ ሥር ታዘዋል። የቆሙት ታዘው ካበቁ በኋላ ነው። እኛ የገድሉን መጨረሻ እናነባለን፣ መጀመሪያውን እንዘለዋለን። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር ሥጋ ለነባቢት (ለምታስተውል) ነፍስ እንዲታዘዝ ነው ይላል። እየጾመ ማንንም የማይሰማ ሰው ሥጋው ታዘዘለት ወይስ እሱ ለገዛ ምኞቱ ታዘዘ? ይህን ራሱ ሊመልሰው አይችልም። ሌላ ሰው ነው የሚያይለት።

የአባ እንጦንስን ነገር ደግሞ አስታውሱ። አንድ አዳኝ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አያቸውና ቅር አለው። "ቀስትህን ወጥር" አሉት። ወጠረ። "ጨምር" አሉት። ጨመረ። "አሁንም" ሲሉት "አባቴ፣ ከዚህ በላይ ቢወጠር ይሰበራል" አለ። ወንድሞችም እንዲሁ ናቸው አሉት። የመነኮሳት ሁሉ አባት የተባሉት ናቸው ይህን ያሉት።

የማታ ሹፌር፣ ማር ይስሐቅ የተጻፈው ለመነኮሳት ነው። አንድምታው (ትርጓሜው) ያለ መምህር ከባድ ነው። በዓለም ያለ ሰው ከእሱ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ፣ ግን ሥርዓት አድርጎ አይከተለውም። በበዓት (በዋሻ ወይም በጠባብ ክፍል) ለብቻው ለተቀመጠ የተባለውን አንተ መሪ ይዘህ ልትፈጽመው አትችልም።

ንስሐ አባትህን አታስቸግራቸውም። ሥራቸው ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቁበትም ነው። ቤትህ እስኪመጡ አትጠብቅ። በሥራ ቀን የሠርክ ጸሎት ሲያልቅ ደጀ ሰላም ጋ ቁም። "አባቴ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ስጡኝ" በላቸው። የምታደርገውን ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ሂድ። ስንት ሰዓት እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ ዐይንህ እንደሚጨልም፣ ባለቤትህ ያለችውን። ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ግማሹን ይረሳል፣ ወይም የሚያምረውን ብቻ ይናገራል። ከተቻለ ባለቤትህም ትኑር።


ከኔታንያ (እስራኤል)

እኔ ቤተ እስራኤል (ኢትዮጵያዊ አይሁድ) ነኝ፣ ከወገራ አካባቢ ነው የመጣነው። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ እኛም መነኮሳት ነበሩን። ከጥንቱ ዘመን ወዲህ በአይሁድ ዓለም ውስጥ ይህ ሌላ ቦታ አይታወቅም። አባቶቻችን ሥርዓቱን በ15ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ጻብራ ያያይዙታል። ከሕዝቡ ተለይተው ነበር የሚኖሩት፣ የንጽሕና ሕጋቸው ጥብቅ ነበር፣ ምግባቸውንም ለብቻ ነበር የሚያዘጋጁት። 

ታዲያ ከሕዝብ ቢለዩም የሕዝቡን ቄሶች የሚያስተምሩት እነሱ ነበሩ። ጸሎቱን፣ ዜማውን፣ መጽሐፉን ያቆዩልን እነሱ ናቸው። ክፉ ቀን በተባለው ታላቅ ረሃብ ጊዜ ብዙዎቹ አለቁ፣ ከዚያ ወዲህ እየተመናመነ ሄደ። አያቴ ስለ እነሱ ሲያወሩ ስለ ጾማቸው ጥቂት ነበር የሚሉት። የሚያወሩት ማንን እንዳስተማሩ፣ ማንን እንዳስታረቁ ነበር።

ዛሬም ለሲግድ በዓላችን ኢየሩሳሌም ስንወጣ እስከ ከሰዓት እንጾማለን። ቄሶቹ ሲጨርሱ ዳቦው ይባረካል፣ አብረን እንቆርሳለን። ልጆቼ አገሩን አያውቁትም፣ ግን ያንን ዳቦ በጉጉት ነው የሚጠብቁት። ለብቻ ተጹሞ ለብቻ የሚፈታ ጾም አላየሁም።


የሰንበቴ እናት (ደብረ ብርሃን)

ልጄ የማታ ሹፌር፣ ልጄ እየጻፈልኝ ነው።

ሁሉም ደህና ተናገሩ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ምሳህን ትተሃል፣ ሥጋና ቅቤውን ትተሃል፣ የቡናውንም ትተሃል። የዚያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?

እናታችን በጾም ምሳ ስትከለክለን የምሳውን ዱቄት ለብቻ ቅል ውስጥ ታኖረው ነበር። ቅዳሜ ዳቦ ተጋግሮ ለሰንበቴ ይሄዳል፣ ለነዳያን። እኛ ልጆቹ ነን ተሸክመን የምንወስደው። ቅሉ ካልሞላ "ማነው የበላው?" ትላለች፣ ሁላችንም እንተያያለን። ኢሳይያስም ጾምን ሲናገር እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ነው ያለው፣ ካህኑ ሲያነቡ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ያስቀረኸው ኪስህ ውስጥ ከተመለሰ ምኑን ተውከው?

አሁን ኑሮ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ዘይቱም ሽሮውም አይቀመስም። ለዚህ ነው የምልህ። በአንተ ግቢ ምሳ ጾም ሆኖ ሳይሆን አጥታ የማትበላ ሴት አትጠፋም። ሚስትህን ጠይቃት፣ እሷ ታውቃታለች። ሴት የጎረቤቷን ጓዳ ታውቃለች። ከሚስትህ ጋር ሆናችሁ አድርጉት። ያኔ የአንተ ጾም የእሷም ይሆናል።

ሰሌኑንም ተው። አልጋ ላይ ተኛ። ሚስትህ አልጋው ላይ ብቻዋን የምትተኛው ለምንድን ነው?


ጽኑዕ (ቨርጂኒያ)

እማማ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ስለ ቅሉ ያሉት ለእኔም ነው የደረሰኝ። እዚህ በጾም የምንቆጥበው ገንዘብ የለም፣ እንዲያውም እናወጣለን።

ዲያቆን፣ ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያልከውን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አልተውም። "ንስሐ አባትህን ጠይቅ" የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ጾሙን ማቅለያ ሰበብ ሆኗል። ሄደው የሚጠይቁት "ብላ" እንዲባሉ ነው። የሚጠይቅ ሰው "ጨምር" ቢባልም ለመጨመር ተዘጋጅቶ ይሂድ።


የአብነት ተማሪ (ጎንደር)

በዚህ እስማማለሁ። ሙሉ በሙሉ።


የማታ ሹፌር (ጥያቄ አቅራቢው)

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ደም ማነስ አለብህ ተብዬ መድኃኒት ተሰጥቶኛል። ነርሷ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሐሙስ ከሠርክ በኋላ እኔና ባለቤቴ አባታችን ጋ እንሄዳለን፣ ወረቀቱንም ጽፈናል። እሷ የጨመረችው መስመር ከእኔ ይበልጣል። እማማ፣ እርስዎ ያሉትን ሴት ባለቤቴ ወዲያው ነው የነገረችኝ። እዚያው እኛ ግቢ ናት፣ ከኋላ ክፍል። እኔ በየቀኑ በሯ ላይ መኪና አጥባለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሌሊቱን ጸሎት አባቴ ከፈቀዱልኝ መቀጠል እፈልጋለሁ። ግን ዳዊት ጀምሬ መሐል ላይ ጥሪ ይመጣል። ከጸሎት ተነሥቼ ደንበኛ ልጫን ወይስ ስልኩን ላጥፋው? ማጥፋቱ ገቢዬን ይነካል። አለማጥፋቱ ደግሞ ጸሎቱን መናቅ ይመስለኛል።


የአብነት ተማሪ (ጎንደር)

ወሳኙ አባትህ ናቸው፣ እኔ የለመድነውን ልንገርህ። በገዳም ረድ ጸሎት ላይ ሳለ እንግዳ ቢመጣ ተነሥቶ እግር ያጥባል፣ ማደሪያ ያሳያል፣ ከዚያ ይመለሳል። እንግዳ መቀበል ከጸሎት ያወጣል አይባልም።

ሌሊት የሚደውልልህ ሰው ማን ነው? ምጥ የያዛት ልትሆን ትችላለች። ፈረቃ የጨረሰች ነርስ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ስልኩን አታጥፋ። ዳዊቱን በአጭር በአጭሩ ከፋፍለህ ያዝ፣ አንድ መዝሙር ጨርሰህ እረፍ። ጥሪ ሲመጣ የደረስክበት ላይ ምልክት አድርግና ሂድ። መንገድ ላይ በልብህ "እግዚኦ መሐረኒ" በል፣ መሪ የያዘ ሰው ዐይኑን መክፈት አለበትና መጽሐፍም ስልክም አትይ። ደንበኛውን ስታወርድ መብራት ያለበት በር ድረስ አድርሰው፣ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው። ከዚያ ምልክት ካደረግክበት ቀጥል።